5 ኪሎ ቴምር ተልኮልኛል፣ ምን ልሥራበት?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ሼፍ። ጅዳ ያለችው እህቴ 5 ኪሎ ቴምር ላከችልኝ። አንዱ ካርቶን ላይ ሱካሪ ይላል፣ ትንሿ ሣጥን አጅዋ ነች፣ ሌላው ስም የለውም፣ ጠቆር ያለና ደረቅ ነው። ልጆቹ አንድ ሁለት ፍሬ ቀምሰው ይተዉታል። ከቡና ጋር ከማቅረብ ሌላ ምን ልሥራበት? ኬክ ውስጥ በስኳር ፈንታ ይገባል? ባለቤቴ ደግሞ ስኳር አለበት፣ ቴምር ግን ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳህም ብለውታል። እውነት ነው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከሻንጣዋ ኪሎ ላይ 5ቱን ለቴምር የለቀቀች እህት ትመስገን።

የባለቤትሽን ጉዳይ አስቀድሜ ልጨርሰው፣ የቀረው የሆድ ጉዳይ ነው፣ ይደርሳል። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» ያሉት ሰዎች ለደግ ብለው ነው፣ ግን ልክ አይደሉም። የደረቀ ቴምር ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ስኳር ነው። መጁል ከሚባለው ትልልቅ ቴምር አንዱ ፍሬ ዘሩ ወጥቶ 24 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 16 ግራሙ ስኳር ነው፣ በሻይ ማንኪያ ስትሰፍሪው 4 ማንኪያ መሆኑ ነው። ፋይበር ስላለው ከተራ ስኳር ቀስ ብሎ ደም ውስጥ ይገባል። መግባቱ ግን አይቀርም። አጅዋም ሆነ ሱካሪ ከዚህ የሚያመልጥ የለም። ይብላ ከተባለ ትንሿን ፍሬ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት፣ ከለውዝ ጋር ወይም ምግብ ላይ፣ ያውም ከእንጀራው ወይም ከዳቦው ተቀንሶ። ስንት እንደሚፈቀድለት የሚነግረው መድኃኒቱንና ልኬቱን የሚያውቀው ሐኪሙ ነው፤ የእኔ ሙያ ድስት ነው። ኩላሊቱንም የሚያመው ከሆነ ደግሞ ሳይጠይቅ አይንካው፤ ቴምር ፖታሲየም ይበዛበታል፣ በ100 ግራም 700 ሚሊግራም ይጠጋል።

አሁን ወደ ቴምሩ።

ሦስቱን አንድ ላይ አትደባልቂ። አብዛኛው ሰው ቴምር ሁሉ አንድ ነው ብሎ ስለሚያስብ ነው የሚበላሽበት። ፍሬው ዛፉ ላይ እያለ መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፣ ከዚያ ቢጫ ወይም ቀይ ሆኖ እንደ ፖም ይቀረጠፋል፣ ቀጥሎ ይለሰልሳል (ዐረቦቹ ሩጠብ ይሉታል)፣ መጨረሻ ላይ ይደርቃል። ካርቶንሽ ውስጥ ያለው ከመጨረሻዎቹ ሁለቱ አንዱ ነው፤ ምን እንደሚሠራበት የሚወስነውም ያ ነው። አንዱን ፍሬ በሁለት ጣትሽ ጫን በይው። ከሟሟና ጣትሽ ላይ ከተጣበቀ ለስላሳ ነው፤ ይበላል፣ ይሞላል፣ ይታሻል። ከተመለሰልሽ መካከለኛ ነው፤ ለመጥበሻና ለወጥ ይሆናል። ድንጋይ ከሆነ የሚፈልገው ሙቅ ውኃ ነው፤ ለስልስና ለኬክ አስቀምጪው።

ሱካሪ የቀሲም አገር ቴምር ነው፣ ከሳዑዲ መሀል። ወርቃማ ነው፣ ጣፋጭነቱ ግን አፍ ይይዛል። ልጆቹ አንድ ሁለት በልተው የሚተዉት እሱን ከሆነ አልፈርድባቸውም። አጅዋ የመዲና ነው፤ ጥቁር፣ ትንሽ ሸብሸብ ያለ፣ ስኳሩ ረጋ ያለ። ሃይማኖታዊ ክብርም አለው፣ ዋጋውም የዋዛ አይደለም። እባክሽ ድስት ውስጥ አትክተቺው፤ እንግዳ ሲመጣ በትንሽ ሳህን አቅርቢው፣ ሙስሊም ጎረቤት ካለሽ ደግሞ ለረመዳን ማፍጠሪያ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አታገኚም። ስም የሌለው ጥቁር ደረቅ ምናልባት ኹድሪ ነው፤ ሳዑዲ ውስጥ በየሱቁ ሞልቷል። ወጥ ቤት የሚገባው እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በፊት ያዢልኝ፦ ቴምር ላይ ጣፋጭ አይጨመርም። ማር፣ የታሸገ ጣፋጭ ወተት፣ ነጭ ቸኮሌት ሲያፈሱበት ሳይ ያመኛል። ቴምር የሚፈልገው የሚከራከረው ነው፤ ጨው፣ ሎሚ፣ ምሬት፣ ቃሪያ፣ ቅባት። ከዚህ በታች የምነግርሽ ምግብ ሁሉ ከእነዚህ ቢያንስ አንዱ አለው።

ቡናውን ራሱ እንይ። የባሕረ ሰላጤው ሰዎች ቡናቸውን በስሱ ይቆሉታል፣ በሄል ያፈሉታል፣ ስኳር አያደርጉበትም፤ ስኳሩ ቴምሩ ነው። የእኛ ቡና ጠቆር ብሎ የተቆላ፣ መረር ያለ ስለሆነ ከቴምር ጋር እንዲያውም ይበልጣል፣ ሲኒው ውስጥ ሁለት ማንኪያ ስኳር ካላደረግሽበት ማለቴ ነው። ቡና በጨው በሚጠጣበት ቤት ያደገ ሰው ካለ አንድ ቴምር ነክሶ በላዩ ያንን ቡና ይቅመስ። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሙሌት ቀላል ነው። ቴምሩን በርዝመቱ ሰንጥቂ፣ ዘሩንና ጫፉ ላይ ያለችውን ቆብ አውጪ። ውስጡን ሳታዪ አትሙዪ፤ አንዳንዱ ውጪው አምሮ ውስጡ ጥቁር ብናኝ ወይም ትል አለበት፣ ያንን ፍሬ ጣዪው። ለፍስክ ዓይብ በጨውና በትንሽ ጥቁር አዝሙድ አሽተሽ ሙዪ። ለጾም የለውዝ ቅቤ ከጨው ጋር፣ ወይም የተቆላ ለውዝ ሁለት ሦስት ፍሬ። ለልጆቹ በለውዝ ቅቤ ሞልተሽ ግማሹን ጥቁር ቸኮሌት ውስጥ ነክረሽ ፍሪዘር ውስጥ ደብቂው። ደብቂው ያልኩሽ በምክንያት ነው።

መጥበሻ ላይ የሚሠራው ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፤ 3 ደቂቃ አይፈጅም። መካከለኛውን ቴምር ዘሩን አውጥተሽ ሁለት ቦታ ክፈዪ። መጥበሻ ላይ ሁለት ሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት መካከለኛ እሳት ላይ ይሙቅ፣ ቴምሮቹን በቆዳቸው በኩል ደርድሪ። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ቆዳው ይነፋፋል፣ ጠርዙ ይጠቁራል፣ ቤቱ የተቃጠለ ስኳር ጥሩ ሽታ ይሸታል። ገልብጪ፣ 20 ሰከንድ ቁጠሪ፣ አውጪ። ስልክ አታንሺ፤ ስኳር ስለሆነ ከቡናማ ወደ ከሰል የሚሄደው በቅጽበት ነው። ላዩ ላይ ደቀቅ ያላለ ጨው በተን አድርጊ። ወፍራም እርጎ ላይ አድርገሽ በትኩሱ ብዪው፣ ዘይቱንም እላዩ አፍስሺው። ሚጥሚጣ ለሚወድ ቆንጠር አድርጎ ይነስንስበት።

አሁን እኔ በጣም ወደምወደው ልምጣ። ኢራኖች ራንጊናክ የሚሉት ምግብ አላቸው። ለስላሳ ቴምር ውስጥ ኦቾሎኒ ሳይሆን ዎልነት (ጠንካራ ቅርፊት ያለው የለውዝ ዓይነት) ይከታሉ፣ ሳህን ላይ ጥቅጥቅ አድርገው ይደረድሩታል፣ ዱቄት በቅቤ እስኪቀላ ድረስ ቆልተው እላዩ ያፈሱበታል፣ ቀረፋ ይነሰነስበታል፣ ሲቀዘቅዝ እየተቆረጠ ከሻይ ጋር ይበላል። ኤምሬቶች ደግሞ በጢጥ የሚሉት አለ፤ የተቆላ ዱቄት፣ ቴምር፣ ቅቤና ሄል ታሽቶ። ልብ ካልሽ የተቆላ ዱቄትና የተነጠረ ቅቤ እኛም ቤት አለ። በሶ ነው! ጭኮ የሚያውቅ ሰው የበጢጥን ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። 300 ግራም ለስላሳ ቴምር ዘሩን አውጪና ከ5 ሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ጋር ድስት ውስጥ ክተቺ። እሳቱ ዝቅ ይበል። በእንጨት ማንኪያ እየጨፈለቅሽ አማስዪው፤ መጀመሪያ ቅቤው ለብቻ ቴምሩ ለብቻ ሆኖ ያስቸግርሻል፣ ትንሽ ታገሺው፣ 5 ደቂቃ ገደማ ሲሆን ይዋሃዳል፣ የሚያብለጨልጭ ሊጥ ይሆናል። አውርጂው። አንድ ሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማና ጥሩ ቁንጥር ጨው ጨምሪ። ከዚያ አንድ ኩባያ ተኩል በሶ በጥቂት በጥቂቱ እያስገባሽ እሺው። በእጅሽ ጨብጠሽ ስትለቂው ቅርጹን ከያዘ በቃ፣ ተጨማሪ በሶ ያደርቀዋል። ድቡልቡል አድርጊው ወይም ሳህን ላይ ጠፍጥፈሽ ቁረጪው። ቅቤው ቅመም የበዛበት የወጥ ቅቤ ከሆነ ነጭ ሽንኩርቱ ይሰማል፣ ለዚህ ቀለል ብሎ የተነጠረ ይሻላል። ለጾም በቅቤው ፈንታ ተቆልቶ የላመ ሰሊጥ አስገቢ፣ የሑመራ ሰሊጥ ካገኘሽ እሰየው። ክዳን ባለው ዕቃ ሳምንት ይቆያል። ለልጆቹ የትምህርት ቤት መክሰስ ከብስኩት ይልቅ ይሄን ቋጥሪላቸው።

ሥጋ ላይ? አዎ፣ ይሄዳል። ሞሮኮዎች በግ በቴምር ሲሠሩ ኖረዋል። 1 ኪሎ አጥንት ያለው በግ፣ ሁለት ራስ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ እንጨት ቀረፋ፣ ጨው፣ ሥጋውን ሊሸፍን ትንሽ የቀረው ውኃ። ሽንኩርቱን እንደ ወጣችን ማቁላላት አያስፈልግም፣ ለስለስ ካለ በቂ ነው። በዝግታ ይብሰል፣ አንድ ሰዓት ተኩልም ሁለት ሰዓትም ሊወስድ ይችላል። ቴምሩ የሚገባው ሥጋው ከአጥንቱ ሊለቅ ሲል ነው፤ 10 ወይም 12 ፍሬ መካከለኛ ቴምር፣ የመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች ላይ። ቀድሞ ከገባ ይሟሟና መረቁ ሁሉ ማርማላታ ይሆንብሻል። ስታወርጂ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጭመቂበት፣ ይህን አትዝለዪ። የተቆላ ሰሊጥ ወይም ለውዝ ከላይ። በዳቦ ወይም በሩዝ ይቀርባል ይላሉ፣ እኔ ግን የእንጀራው ኮምጠጥ ማለት ይበልጥ ይስማማዋል ባይ ነኝ። ቀይ ወጥ ውስጥ ግን ቴምር እንዳትጨምሪ! በደንብ የተቁላላ ሽንኩርት የራሱ በቂ ጣፋጭነት አለው፣ በርበሬው ላይ ቴምር ሲደረብ ወጡ ወጥ መሆኑ ይቀራል።

እንቁላልም አለ። ኢራኖች ቁርስ ላይ ቴምር ቆራርጠው በቅቤ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ይጠብሱና እንቁላል ይሰብሩበታል፣ ቀረፋና ጨው። ሲሰማ ግራ ያጋባል፣ ሲበላ ግን አይደለም። እኔ ቃሪያ እጨምርበታለሁ። ለሁለት እንቁላል 4 ፍሬ ይበቃል።

ሳምቡሳ የምትሠሪ ከሆነ ደግሞ ማጥቀሻው ተገኘ። ሕንዶች ከቴምርና ከታማሪንድ የሚሠሩት ነው። ታማሪንድ የተባለው ያው ሁመር ነው፣ ድሬዳዋ ለሚያድግ ሰው አይነገረውም። ከደረቁ ቴምር 10 ፍሬና አንድ እንቁላል የሚያህል ሁመር ሁለት ኩባያ ውኃ ውስጥ 15 ደቂቃ ቀቅዪ፣ ቀዝቀዝ ሲል በእጅሽ እሺው፣ በወንፊት አጥልዪው። ጨው፣ ሚጥሚጣ፣ ተቆልቶ የተፈጨ ከሙን። ከበዛ ወፍራምነቱ ውኃ፣ ከበዛ ቅጥነቱ እሳት። ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሳምንት ምንም አይሆንም። ሁመር ካጣሽ ሎሚ ያው ይሠራል፣ ግን ከፈላ በኋላ ጭመቂው።

ኬኩ። በስኳር ፈንታ ይገባል ወይ ላልሽው፣ ይገባል፣ ግን ስኳርን አውጥቶ ቴምርን መተካት ብቻ አይደለም። ስኳር ደረቅ ነው፣ ቴምር እርጥበት ይዞ ይመጣል፣ ኬኩም ጠቆር ያለና ጠቅጠቅ ያለ ይሆናል። የቴምር ስኳር አብዛኛው ግሉኮስና ፍሩክቶስ ስለሆነ ላዩ ቶሎ ይቀላል፤ ለስኳር ኬክ 180 ዲግሪ የምታደርጊውን ኦቭን ለዚህ 165 ወይም 170 አድርጊው።

የጾም ኬክ አንድ ልስጥሽ። 250 ግራም ከደረቁ ቴምር ዘሩን አውጥተሽ ክተፊ። በ300 ሚሊ ሊትር የፈላ ውኃ ሸፍኚውና አንድ ሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሪበት። አረፋ ይነሳል፣ አትደንግጪ። ሶዳው የቴምሩን ቆዳ ያፈርሰዋል፣ ሥራው እሱ ነው። የምግብ መጽሐፎች 10 ደቂቃ ይበቃል ይላሉ፣ ግን የሚጻፉት ባሕር ጠለል ላይ ላለ ሰው ነው፤ አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃችን 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ግማሽ ሰዓት ተዪው፣ ወይም ድስቱን እሳት ላይ መልሰሽ 5 ደቂቃ አንተክትኪው። ከዚያ በሹካ ፍጪው። 80 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ አንድ ሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ ጨው፣ ቀረፋ ጨምሪ። 250 ግራም ዱቄት ከአንድ ሻይ ማንኪያ ያልሞላ ቤኪንግ ፓውደር ጋር ነፍተሽ አስገቢና ዱቄቱ እስኪጠፋ ብቻ አዋህጂ። ፓውደሩን ያሳነስኩት አሁንም በከፍታው ምክንያት ነው፤ እዚህ ኬክ ፈጥኖ ይነሳና መሀሉ ይሰምጣል። በ20 ሳንቲ ሜትር ፎርማ 45 ደቂቃ ገደማ። በማግስቱ ከዛሬው ይበልጣል። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ሆና የምታነብ እህት ካለች ፓውደሩን አንድ ሻይ ማንኪያ ተኩል ታድርገው፣ ማስተካከያው እሷን አይመለከታትም።

ለመጠጥ ብዙ አልልም። አቮካዶ ጁስሽ ውስጥ በስኳሩ ፈንታ ሁለት ለስላሳ ቴምርና ሎሚ ክተቺ። ተልባ የምትጠጪ ከሆነ እዚያም ይገባል። ደረቁን ግን ሳታረጥቢ ብሌንደር ውስጥ አታስገቢ፣ ምላጩን ትሰብሪዋለሽ።

ከዚህ ሁሉ ተርፎ ደረቁ አሁንም ካለ ድብስ አውጪበት፤ የቴምር ሽሮፕ ማለት ነው፣ እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ሲላን በሚለው ስሙ ከየሱፐርማርኬቱ ይገዙታል። ግማሽ ኪሎ ቴምር በአንድ ሊትር ውኃ ግማሽ ሰዓት ቀቅዪ፣ በስስ ንጹህ ጨርቅ ጠምዝዘሽ ጭመቂ፣ የወጣውን ውኃ ሰፊ ድስት ላይ መልሰሽ በዝግታ አፍዪው። ማንኪያውን ሲሸፍን አውርጂ፤ ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ስለሚወፍር እሳት ላይ ማር እስኪሆን አትጠብቂ። አንድ ብርጭቆ ተኩል አካባቢ ታገኛለሽ። ኢራቆች ከላመ ሰሊጥ ጋር ግማሽ በግማሽ ደባልቀው በዳቦ ይጠቅሱታል። ለጾም ቁርስ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ለባለቤትሽ ግን ይሄ ጭራሽ አይሆንም፤ ፋይበሩ ጨርቁ ላይ ቀርቶ የወረደው ስኳሩ ነው።

አቀማመጡን ሳልነግርሽ እንዳልጨርስ። ሳታጥቢ አስቀምጪ፤ የሚታጠበው ሊበላ ሲል ነው፣ እርጥበት ከገባበት ይሻግታል። ደረቁ በታሸገ ዕቃ ቁም ሳጥን ውስጥ ወራት ይቆያል፣ ጉንዳን ካላገኘው። ሱካሪው እርጥብ ዓይነቱ ከሆነ ፍሪጅ ግድ ነው። ፍሪዘርም ይችላል፤ ስኳሩ ስለበዛ በደንብ አይበረድድም፣ ወዲያው አውጥተሽ መብላት ይቻላል፣ እንዲያውም ልጆች እንደ ካራሜላ ያኝኩታል። ላዩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ካየሽ አትጣዪው፣ የረጋ ስኳር ነው፤ ትንሽ ሲሞቅ ይጠፋል። ጸጉር ያለው ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ግን ሻጋታ ነው። ካርቶኑን ስትከፍቺ ጠጅ ጠጅ ከሸተተሽ እርሾ ጀምሮታል፤ ያንን ካርቶን ለማንም አታቅርቢ።